ሰዓትን ወደ ዓመት ስንለውጥ አካፋዩ ስንት ነው?

መዝገብ ያዥ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት ክፍል ያሉ ማሽኖች ከተተከሉበት ጊዜ ጀምሮ ምን ያህል እንደሠሩ የሚያሳይ መዝገብ እያዘጋጀሁ ነው። መረጃው የሚወሰደው ማሽኖቹ ላይ ከተገጠሙት የሥራ ሰዓት ቆጣሪዎች ስለሆነ ሁሉም ነገር በሰዓት የተጻፈ ነው፤ መዝገቡን የሚያዩት ኃላፊዎች ግን አምስትና ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር ብዙም ስለማይነግራቸው በዓመት፣ በወርና በቀን ተለውጦ እንዲቀርብላቸው ጠይቀዋል።

ጉዳዩ ያከራከረን ቆጣሪው 100,000 ሰዓት የሚያሳይ አንድ ፓምፕ ላይ ስንደርስ ነው። ይህን ቁጥር ለ24 ከዚያም ለ365፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ለ8,760 ስናካፍለው 11.4155 ዓመት ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘነው አንድ መለወጫ ግን 11.4077 ሲል፣ ሌላው ደግሞ 11.4079 ይላል። በአስርዮሽ ሲታይ ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ወደ ቀን ሲመለስ ግን በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ወደ ሦስት ቀን የሚጠጋ ክፍተት አለ። የፓምፑ ዋስትናና የጥገና መርሐ ግብር በቀን የሚቆጠር ስለሆነ ሦስት ቀን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከሦስቱ ውጤቶች ትክክለኛው የትኛው ነው? ደግሞስ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩትንና በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ የሚሠሩትን ማሽኖች በአንድ ዓይነት ስሌት መለወጥ ይቻላልን?

ባለ ቀመር

ሦስቱም ውጤቶች ትክክል ናቸው፤ የተለያዩት እያንዳንዱ ስሌት ለዓመት የሰጠው ርዝመት ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ ከማካፈል በፊት መወሰን ያለበት በየትኛው ዓመት እንደምናካፍል ነው።

ከሰከንድ እስከ ሳምንት ያሉት መለኪያዎች አያስቸግሩም። ሰከንድ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሲዚየም 133 አቶም ላይ ተመሥርቶ፣ ከአቶሙ የሚወጣው የተወሰነ ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ የሚርገበገብበት ቆይታ ተብሎ ተደንግጓል። ከዚያ ወዲያ ያለው ማባዛት ብቻ ነው፤ 3,600 ሰከንድ አንድ ሰዓት፣ 24 ሰዓት ወይም 86,400 ሰከንድ አንድ ቀን፣ 168 ሰዓት ደግሞ አንድ ሳምንት ይሆናል። በእነዚህ መካከል ስንት ጊዜ ወዲህና ወዲያ ቢመላለሱ የሚጎድልም የሚተርፍም ነገር የለም።

ወርና ዓመት ግን ከጨረቃና ከመሬት እንቅስቃሴ የተገኙ ስለሆኑ ከቀን ጋር በሙሉ ቁጥር አይገጣጠሙም። መሬት ፀሐይን ዞራ ወቅቶች ወደነበሩበት የሚመለሱበት አማካይ ጊዜ 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ ነው። ይህን ትርፍ ሰዓት በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ቆርጦ መለጠፍ ስለማይቻል፣ ካሌንደሮች አጠራቅመው በየጊዜው አንድ ሙሉ ቀን ይጨምሩበታል። ከዚህ የተነሣ ባለ 365 ቀን ዓመት 8,760 ሰዓት ሲኖረው፣ ባለ 366 ቀን ዓመት 8,784 ሰዓት አለው፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ ቀን ልዩነት አለ ማለት ነው።

እርስዎ ያገኟቸው ሌሎቹ ሁለት ቁጥሮች የመጡት ይህን ልዩነት በአማካይ ከማቻቻል ነው። የመጀመሪያው መለወጫ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨምረውን የዩልዮስን አቆጣጠር ይከተላል፤ አማካዩ 365.25 ቀን ወይም 8,766 ሰዓት ነው። ሁለተኛው የጎርጎርዮስን ይከተላል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በአራት የሚካፈል ዓመት ሁሉ 366 ቀን እንዲኖረው ያደርግና፣ ለ100 የሚካፈሉትን ግን ለ400 ካልተካፈሉ በቀር ያስቀራቸዋል፤ 2000 ባለ 366 ቀን ሲሆን 1900 ግን ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም በ400 ዓመት ውስጥ 97 ጊዜ አንድ ቀን ይጨመራል፤ ጠቅላላው 146,097 ቀን ወይም 3,506,328 ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ለ400 ሲካፈል 8,765.82 ሰዓት ይሰጣል። 146,097 ለሰባት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል በየ400 ዓመቱ ቀኖችና የሳምንቱ ዕለታት እንደገና አንድ ዓይነት ሆነው ይገጥማሉ፤ ለእርስዎ መዝገብ ጥቅም የለውም፤ ያም ሆኖ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልሆነልኝም።

የ8,766 እና የ8,765.82 ልዩነት በዓመት 10 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ብቻ ነው። በመቶ ዓመት ተጠራቅሞ 18 ሰዓት ይሆናልና በሁለቱ መካከል መከራከር ለማሽን መዝገብ ፋይዳ የለውም። ትርጉም ያለው ልዩነት በ8,760 እና በሁለቱ መካከል ያለው፣ በዓመት ስድስት ሰዓት የሚጠጋው ነው። የእርስዎን 100,000 ሰዓት በዚህ መልክ ብንፈታው፣ በ8,760 ስሌት 11 ዓመት ከ151 ቀን ከ16 ሰዓት ይሆናል፤ በ8,766 ግን 11 ዓመት ከ148 ቀን ከ22 ሰዓት ነው። ክፍተቱ 66 ሰዓት ሲሆን፣ ይህም 11 ዓመት በስድስት ሰዓት ተባዝቶ የሚገኘው ነው።

ምርጫውን በተመለከተ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ቁጥሩ ለግምትና ለንጽጽር ብቻ ከሆነ 8,760 ይበቃል፤ በምሕንድስናው ዓለምም ልማዱ ይኸው ነው። ብዙ ዓመታትን የሚያካትት አማካይ ሲፈለግ 8,765.82 ወይም 8,766 የተሻለ ነው። የመነሻው ቀን የሚታወቅ ከሆነ ግን በአማካይ ማካፈሉን ትቶ በካሌንደር ላይ መቁጠር ነው የሚሻለው።

ሰማይ ተመልካች

ከላይ በተሰጠው መልስ ላይ ጥቂት ልጨምር። 365.25 ቀን ጊዜው ያለፈበት ቁጥር መስሎ እንዳይታይ እሰጋለሁ፤ በሥነ ፈለክ ዛሬም መደበኛ መለኪያ ነው። የብርሃን ዓመት የሚሰላው በዚሁ 31,557,600 ሰከንድ ባለው ዓመት ሲሆን፣ ውጤቱ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የተመረጠበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ ያለ ቀሪ በሰከንድ የሚያልቅና የማይለዋወጥ ስለሆነ በማንኛውም ካሌንደር የሚጠቀሙ ሰዎች ሁሉ ሊስማሙበት ይችላሉ። አንድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ በዓመት የተጻፈ ቆይታ ሲያቀርብ ብዙ ጊዜ ይህን ማለቱ ነው።

አማካይን ከካሌንደር የሚለየው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የፈለገ የቫለሪ ፖልያኮቭን ጉዞ ይመልከት። ፖልያኮቭ በሚር የጠፈር ጣቢያ ለረጅሙ ያልተቋረጠ ቆይታ ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1994 ወጥቶ ማርች 22 ቀን 1995 ተመልሷል፤ ቆይታው 437 ቀን ከ18 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ወደ 10,506 ሰዓት ነው። ለአማካዩ ወር፣ ማለትም ለ730.485 ሰዓት ስናካፍለው 14 ወር ከ11 ቀን ተኩል ያህል ይመጣል። በካሌንደር ስንቆጥረው ግን 14 ወር ከ13 ቀን ከ18 ሰዓት ነው። ሰውየው ጠፈር ላይ የቆየው ሰዓት አንድ ነው፤ ሁለት ቀን ያህል ያለያየው በመካከል ያለፉት ወሮች አጭር ወይም ረጅም መሆናቸው ነው።

የጥገና ክፍል

እስካሁን የተባለው በሙሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብድ ሆኖ ሳለ ያለ መልስ ቀርቷል። በ8,760 እና በ8,766 መካከል ያለው ልዩነት ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የሥራ ሰዓትን ከካሌንደር ሰዓት ጋር ማደባለቅ ግን ውጤቱን አራት እጥፍ ያዛባዋል።

የሥራ ሰዓት ቆጣሪ የሚቆጥረው ማሽኑ የተንቀሳቀሰበትን ጊዜ ብቻ ነው። 100,000 ሰዓትን ለ8,760 ስናካፍል የምናገኘው 11.4 ዓመት፣ ፓምፑ ሌሊትና ቀን አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይቆም ቢሠራ የሚወስድበት ጊዜ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ማሽን በ52 ሳምንት 2,080 ሰዓት ያስቆጥራልና 100,000 ላይ ለመድረስ 48 ዓመት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ስምንት ሰዓት የሚሠሩትንና ያለማቋረጥ የሚሠሩትን በአንድ አካፋይ ለውጦ በአንድ ዓምድ ውስጥ ማስቀመጥ አንባቢን ማሳሳት ነው። ያለማቋረጥ ለሚሠሩት 8,760፣ በፈረቃ ለሚሠሩት ደግሞ የየራሳቸው የዓመት የሥራ ሰዓት አካፋይ መሆን ይኖርበታል።

ይህ ቁጥር ግን አንድ ጥሩ አገልግሎት አለው። ያለማቋረጥ ይሠራል ተብሎ የተሰላው ዓመት የማሽኑ ዝቅተኛ ዕድሜ ነው፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያንን ያህል ሰዓት ማስቆጠር አይቻልም። በመሆኑም 100,000 የሚያሳይ ፓምፕ መዝገቡ ላይ የተተከለው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው ከተባለ፣ አንድም ቀኑ በስሕተት ተጽፏል፣ አንድም ቆጣሪው ከሌላ ማሽን ተነቅሎ የተገጠመ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ ይህን የሚያጣራ አንድ ዓምድ ቢጨምሩ የሚገርም ነገር ያገኛሉ ብዬ አስባለሁ። ቆጣሪው ያሳየውን ሰዓት ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ላለፈው ጠቅላላ ሰዓት ቢያካፍሉም የማሽኑን የአገልግሎት ምጣኔ ያገኛሉ፤ በአንድ ዓመት 6,570 ሰዓት የሠራ ማሽን ከ8,760 ሲታይ 75 በመቶ ሠርቷል ማለት ነው።

አምራቾች በሰዓት የሚጽፉትን ዕድሜ ወደ ዓመት ስንለውጥ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። 25,000 ሰዓት የሚል የኤልኢዲ አምፖል ያለማቋረጥ ቢበራ 2.85 ዓመት፣ በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ቢበራ 22.8 ዓመት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ያ ሰዓት አምፖሉ የሚቃጠልበት አይደለም፤ ብርሃኑ አዲስ ሳለ ከነበረው ወደ 70 በመቶ ዝቅ የሚልበት ነው። የኩሽኔታ ዕድሜም እንዲሁ ነው። በካታሎግ ላይ 40,000 ሰዓት የሚል ስሌት ብናገኝ፣ ከአንድ ዓይነት ኩሽኔታዎች መካከል 90 በመቶ የሚሆኑት ያን ሰዓት ይደርሳሉ ወይም ያልፋሉ ማለት እንጂ እያንዳንዱ 4.6 ዓመት ይሠራል ማለት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት በሁለት ብልሽቶች መካከል ያለው አማካይ ሰዓት ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ 1,000,000 ሰዓት ተብሎ ሲጻፍበት በ8,760 አካፍሎ 114 ዓመት ይቆያል የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥሩ ስለ አንድ ዲስክ ሳይሆን ስለ ብዙ ዲስኮች የሚናገር ነው። አንድ ሺህ ዲስኮች አንድ ዓመት ሙሉ ቢሠሩ ድምሩ 8,760,000 ሰዓት ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘጠኝ የሚጠጉ ዲስኮች እንደሚበላሹ ይጠበቃል፤ በመቶኛ 0.88 ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ሰዓት ወደ ዓመት ከመለወጥ ይልቅ በዓመት ወደሚጠበቅ የብልሽት መቶኛ መለወጥ ይበጃል፤ ስሌቱም 8,760ን ለተሰጠው ሰዓት ማካፈል ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ ሰዓት ብቻውን የማይገዛው እርጅና አለ። ጎማ ማኅተሞች ይደርቃሉ፣ ዘይት ማሽኑ ቢቆምም ያረጃል። ስለዚህ ነው የጥገና መመሪያዎች «ከ250 ሰዓት ወይም ከ12 ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው» የሚል ዓይነት ትእዛዝ የሚሰጡት። ሰዓቱን ወደ ወር ለውጠው አንዱን ዓምድ ቢሰርዙት ይህን መመሪያ መከተል አይችሉም።

መዝገብ ያዥ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተተከሉበት ቀን ለአብዛኞቹ ማሽኖች ስለተመዘገበ የማጣሪያውን ዓምድ ዛሬውኑ እጨምራለሁ፤ በፈረቃ ለሚሠሩትም የተለየ አካፋይ እጠቀማለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ኃላፊዎቹ የሚፈልጉት 11.4 የሚል አስርዮሽ ሳይሆን «ይህን ያህል ዓመት፣ ይህን ያህል ወር፣ ይህን ያህል ቀን» የሚል ነው። 11.4ን ደግሞ 11 ዓመት ከ4 ወር አድርጎ የሚያነብ ሰው አለ። ይህን በሰንጠረዥ ውስጥ በቀመር ለማውጣት ትክክለኛው መንገድ ምንድን ነው?

ኮድ ጸሐፊ

11.4 ዓመት 11 ዓመት ከ4 ወር አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለው 0.4 በ12 ሲባዛ 4.8 ወር፣ ማለትም 4 ወር ከ24 ቀን ገደማ ይሆናል። በሰዓትም ይኸው አለ፤ 2.30 ሰዓት 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ እንጂ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ አይደለም። ቆጣሪዎቹ አስረኛ የሰዓት ክፍል የሚያሳዩ ከሆነ የመጨረሻዋ አኃዝ ስድስት ደቂቃ መሆኗን መዝገቡን ለሚሞሉት ሰዎች መንገር ያስፈልጋል፤ ይህ ስሕተት ወደ ሰንጠረዡ ከገባ በኋላ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ለመተንተን አስርዮሽን በአስርዮሽ ላይ ከማባዛት ይልቅ በቀሪ መሥራት ይሻላል። 100,000ን ለ24 ሲያካፍሉ ድርሻው 4,166 ቀን፣ ቀሪው 16 ሰዓት ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ቁርጥ ያለ ነው፤ ምንም ዓይነት የካሌንደር ምርጫ አይለውጠውም። ከዚህ በኋላ 4,166 ቀንን ወደ ዓመትና ወር መውሰድ የሚቻለው መነሻ ቀን ካለ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ወር ከ28 እስከ 31 ቀን፣ በሰዓት ከ672 እስከ 744 የሚደርስ ስለሆነ ለሁሉም የሚሠራ አካፋይ የለውም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ልሥራው። ፓምፑ ያለማቋረጥ የሚሠራና እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ከሌሊቱ እኩል ላይ የተነሣ ቢሆን፣ 11 ዓመቱ ሲሞላ 4,018 ቀን ያልፋል፤ በመካከል 2016፣ 2020 እና 2024 ባለ 366 ቀን ናቸውና። የቀሩት 148 ቀናት ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ያሉትን አራት ወሮች 120 ቀን ከሞሉ በኋላ 28 ይተርፋሉ፤ ውጤቱ 11 ዓመት ከ4 ወር ከ28 ቀን ከ16 ሰዓት ነው። ያው ፓምፕ ጁላይ 1 ቀን 2013 ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ግን 11 ዓመቱ እንደገና 4,018 ቀን ሆኖ፣ የሚቀጥሉት አራት ወሮች ከጁላይ እስከ ኦክቶበር 123 ቀን ስለሆኑ የሚተርፈው 25 ቀን ብቻ ነው፤ ማለትም 11 ዓመት ከ4 ወር ከ25 ቀን ከ16 ሰዓት። ሰዓቱ አንድ ሆኖ ሦስት ቀን ይለያያል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። መጀመሪያ ላይ ያስጨነቀዎ የሦስት ቀን ክፍተት በተሻለ መለወጫ የሚጠፋ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ኤክሴልን የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ አንድን ቀን እንደ 1፣ አንድን ሰዓት ደግሞ የዚያ 24ኛ ክፍል አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ መነሻ ቀኑ ላይ ሰዓቱን ለ24 አካፍሎ መደመር ማብቂያውን ቀን ይሰጣል፤ በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት በ24 ማባዛት ደግሞ ሰዓቱን ይመልሳል። ሕዋሱ በተራ የሰዓት ቅርጽ ላይ ከሆነ ግን 24 በሞላ ቁጥር እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር 30 ሰዓት የነበረው 6 ሆኖ ይታያል፤ ተራ ቁጥር እንዲሆን ያድርጉት። አንድ የቆየ ግድፈትም አለ። ኤክሴል 1900ን ባለ 366 ቀን ዓመት አድርጎ ስለሚቆጥር ያልነበረ ፌብሩዋሪ 29 ቀን በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ ከማርች 1900 ወዲህ ያሉ ሁለት ቀኖችን ለማነጻጸር ግን አያስቸግርም።

የኮምፒውተር ሰዓት የሚቆጥርበት ሌላው ልማድ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ መደመር ነው። በ32 ቢት የሚይዙ አሮጌ መሣሪያዎች ከ2,147,483,647 በላይ መቁጠር አይችሉም፤ ይህ ወደ 596,523 ሰዓት ወይም ከ68 ዓመት ጥቂት ያለፈ ሲሆን ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ላይ ይሞላል። ማሽኖችዎ እስከዚያ የሚቆዩ ከሆነ መቆጣጠሪያዎቻቸውን ከወዲሁ መጠየቅ አይከፋም።

ስለ ተጨማሪ ሰከንዶች የሚጠይቅ እንዳይጠፋ፦ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2016 መጨረሻ የተጨመሩት 27 ሰከንዶች ብቻ ስለሆኑ ለሰዓት መዝገብ ይተዉት። ይልቅ የሚያስቸግረው ሰዓታቸውን በበጋ ወደፊት፣ በክረምት ወደኋላ በሚገፉ አገሮች የተመዘገበ መረጃ ነው፤ በእነዚያ ቦታዎች በዓመት አንድ ቀን 23 ሰዓት፣ አንድ ቀን ደግሞ 25 ሰዓት ይኖረዋል። ከዚያ የመጣ መረጃ ካለዎት ከመቀነስዎ በፊት ሁሉንም ወደ ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ይመልሱት።

ባለ ቀመር

በኮድ ጸሐፊ መልስ ላይ የምጨምረው ስለ አኃዝ ብዛት ብቻ ነው። 11.4155 ብሎ መጻፍ ዓመቱን እስከ አስር ሺኛው ድረስ እናውቃለን ማለት ነው፤ አንድ አስር ሺኛ ዓመት 53 ደቂቃ ያህል መሆኑን ልብ ይበሉ። በአካፋይ ምርጫ ብቻ 66 ሰዓት የሚለዋወጥን ቁጥር በዚህ ዓይነት ጥራት ማቅረብ አይገባም። በዓመት ሲጻፍ 11.4 ይበቃል፤ ከዚያ የበለጠ የሚፈልግ ሰው የሰዓቱን ዓምድ ያንብብ።

የተለወጠውን ቁጥር እንደገና ወደ ሰዓት አይመልሱት። 11.4 በ8,760 ተባዝቶ 99,864 ሰዓት ይሰጣል፤ 136 ሰዓት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ዋናው መዝገብ ሁልጊዜ በሰዓት ይሁን፣ ዓመቱና ወሩ ከእሱ እየተሰሉ የሚታዩ ዓምዶች ብቻ ይሁኑ፤ መደመርና አማካይ ማውጣትም በሰዓቱ ላይ ይሠራ። በዓምዱ ራስጌ ላይም «1 ዓመት = 8,760 ሰዓት፣ ያለማቋረጥ የሠራ እንደሆነ» ብለው ይጻፉ፤ በፈረቃ ለሚሠሩት ደግሞ የራሳቸውን ቁጥር በዚያው ቦታ ያስገቡ።